እማማ ታይቱ መኪና እስኪወጡ ድረስ፦ የአቶ አያልነህ ውባየሁ ሕይወት

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ የወረታና የሐሙሲት ሰዎች፣ ሽንብራችሁንና ጓያችሁን በአውድማ ትታችሁ የመጣችሁ የፎገራ ገበሬዎች፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ከቅጥሩ ውጭ የቆማችሁ እስላም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ለእግራችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። አፈሩ ሳይመለስ በፊት የሟቹን የአቶ አያልነህ ውባየሁን ሕይወት፣ አጎታቸው አለቃ ደሞዝ ጽፈው ራሳቸው ሲያነቡት ጥቂት ታግሣችሁ ስሙ። አለቃ ደሞዝ ነገር ማስረዘም እንደሚወዱ አገር ያውቃል፤ ዛሬ ደግሞ ንባቡ ሲያልቅ የሚመጣውን ስለሚያውቁት ከወትሮው የባሰ አስረዝመውት እንደሆነ ይቅር በሏቸው።

አቶ አያልነህ ከአባታቸው ከአቶ ውባየሁ ጫኔና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሬ በ1921 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ባሕር በሚያስመስልበት ጊዜ ተወለዱ። ቤቱ በውኃ ተከቦ ስለ ነበር አዋላጇ የመጡት በታንኳ ነው፤ ታንኳውም ከደጃፉ ሲደርስ አልቆም ብሎ ከጎተራው ጋራ ተላትሞ እህሉን ውኃ ላይ ስለ በተነው፣ ወይዘሮ ደብሬ «ልጄን ገና ሳይወለድ የማይቆም ነገር መጣበት» እያሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሩት ኖረዋል።

ለትምህርት ሲደርሱ ከአጎታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ንባብ ለይተው፣ ዳዊት ደግመዋል። አለቃ ደሞዝ ቅስናን ተመኝተውላቸው ነበር፤ ነገር ግን ዜማው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ሰውንም መላእክትንም የሚያስከፋ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ምኞቱ በሰላም ተትቶ ከአባታቸው ጋራ እርሻ ገቡ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ከእርሻውም ኮብልለው ጎንደር ወጡና፣ ከጦርነቱ በኋላ እዚያው ከቀረ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ተቀጥረው፣ መጀመሪያ ብረት አጣቢ፣ ቀጥሎ ጎማ ፈቺ፣ ኋላም መካኒክና ሹፌር ለመሆን በቁ። ከጣሊያኑ ሙያውን ከዕቃዎቹ የጣሊያን ስም ጋራ ወረሱ፤ ሲናደድ የሚናገረውንም ወርሰው ነበር፤ ይህኛው ግን ካህን ባለበት የሚነበብ አይደለም።

በ1946 ዓ.ም. የወረታው ነጋዴ ሐጂ ሳልህ አንዲት ግራጫ ጂፕ ገዝተው ሹፌርም ጠጋኝም የሚሆን ሰው ሲፈልጉ አቶ አያልነህን አገኙ። አቶ አያልነህ መኪናይቱን እንደ በሬ በመልኳ ዳልቻ ብለው ሰየሟት። ዳልቻ በአዘቦት ቀን ከወረታ ሐሙሲት፣ ከወረታ አዲስ ዘመንና ደብረ ታቦር ጨው፣ አቡጀዲና ሰው እየጫነች ስትመላለስ ትከርማለች፤ በጥምቀት ማግስት ደግሞ፣ ታቦቱ ከገባና ፈረሰኛው ጉግሱን ከጨረሰ በኋላ፣ በደረቀው የፎገራ ሜዳ ላይ ከአንድ የሐሙሲት ነጋዴ መኪና ጋራ ትሽቀዳደማለች። ሐጂ ሳልህ በንግድ ትዕግሥተኛ፣ በሽቅድምድም ግን እንደ ጎረምሳ ነበሩ። ያንዲቱን መኪና ለመንገድም ለሜዳም ማሰናዳት የአቶ አያልነህ ዕዳ ሆነ፤ እሳቸውም፣ ሞተርን ስለሚያስፎክር ሁሉም ይወደዋል፣ ፍሬንን ግን ካልጠፋ በቀር የሚያስታውሰው የለም እያሉ፣ ልባቸውን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ጣሉ።

ከዚህ ላይ የሚያሳዝነውን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። በ1948 ዓ.ም. ለዚህ አገር እንግዳ የሆነች አንዲት የጭነት መኪና ከደብረ ታቦር ገበያ ሰውና እህል ጭና ስትመለስ፣ ዓለም በር የሚባለውን ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗ እምቢ ብሎ ገደል ገባች። ከሞቱት አንዱ የፎገራው ገበሬ አቶ አበረ ነበሩ፤ ባለቤታቸውን እማማ ታይቱንና አንዲት ልጃቸውን ጸሐይነሽን ትተው አለፉ። ሬሳ ለማንሣት ከደረሱት መካከል አቶ አያልነህ ነበሩና፣ ከተገለበጠችው መኪና ሥር ገብተው ጎማዋን ፈትተው አዩ። ሸራ የሚባለው፣ ታምቡር ከሚባለው ክብ ብረት ውስጥ ተቀምጦ ጎማውን እየጨበጠ የሚያቆመው ነገር፣ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ ቆይቷል። ከሥር ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ «ይኼ የእግዜር ቁጣ አይደለም፤ የሰው ስንፍና ነው፤ እግዜርን አታሳሙት» አሉ።

የእግዜር ሥራ አይታወቅምና፣ አቶ አያልነህ ኋላ የወደዱት ያችኑ የአቶ አበረን ልጅ ሆነ። ጸሐይነሽ በገበያ ቀን ቅቤ ይዘው ወደ ሐጂ ሳልህ ባለቤት ወደ ወይዘሮ ዘሊካ ሱቅ ይመጡ ነበር፤ አቶ አያልነህም ከሱቁ ደጅ ላይ፣ ያልተበላሸውን ሁሉ መፍታት ጀመሩ። ወይዘሮ ዘሊካ ዓይናቸው ከመርፌ ቀዳዳ የሚገባ ሴት ናቸውና፣ «ኧረ አያልነህ፣ ይቺ መኪና የምትታመመው በገበያ ቀን ብቻ ነው እንዴ?» ብለው ሲያሾፉባቸው፣ ያ ደፋር ሰው በእጁ የያዘውን መፍቻ ጣለው ይባላል።

ሽማግሌ ተላከ፤ ሽማግሌዎቹም አለቃ ደሞዝና ሐጂ ሳልህ ነበሩ። እማማ ታይቱ እንግዶቻቸውን አክብረው ተቀብለው፣ ጠላ ለአንዱ፣ ወተት ለአንዱ አቅርበው፣ ነገሩ ሲነገራቸው ግን ቁርጡን ተናገሩ፤ «ባሌን ብረት በላብኝ፤ ልጄን ለብረት ነጂ ልዳር? በሬም በቅሎም ቁም ሲሉት ይቆማል፤ ያ ግን አልቆመም» አሉ። ሐጂ ሳልህ የዳልቻ ፍሬን እንደሚታመን ቢምሉ ቢገዘቱ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና የሚሰሙ አልሆኑም። ከዚያች ቀን ጀምሮ አቶ አያልነህ በዚህ ዓለም ላይ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ እማማ ታይቱ መኪና ቁም ሲሉት እንደሚቆም ከልባቸው አምነው፣ አንድ ቀን በራሳቸው እግር ዳልቻ ላይ ወጥተው እንዲቀመጡ። ልጅቱን ማግባቱ የዚህ መንገድ እኩሌታ ነው ይሉ ነበር እንጂ ሙሉው ነው ብለው አያውቁም።

ስለዚህ ሸራ መምረጥ ያዙ። ከጎንደር የሚመጣው ሸራ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ለስላሳው በጠዋት ብርድ ገና ሲረግጡት ይነክሳል፣ ረዥም ቁልቁለት ላይ ሲግል ግን እየሸተተ ይለግማል፤ ጠንካራው ሙቀትን ይችላል፣ እስኪሞቅ ድረስ ግን እንደ ሰነፍ በሬ ነው። ለገበያው መንገድ፣ አህያ ድንገት ለሚዘልበት፣ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ለዓለም በርና ለጥምቀቱ ሜዳ ሁለተኛው። አቶ አያልነህ ብልህ የሆኑ መስሏቸው ከፊት ጠንካራውን፣ ከኋላ ለስላሳውን ቢገጥሙ፣ የኋላው ጎማ ቀድሞ እየያዘ ዳልቻ ሜዳው ላይ ጅራቱን እንደሚከተል ውሻ ዞረች፤ ሐጂ ሳልህም ከነጥምጥማቸው ኑግ እርሻ ውስጥ ተገኙ። ከዚያ በኋላ፣ በሬ ሲጠመድ ከእኩያው ጋራ ነው ብለው፣ ለአራቱም ጎማ አንድ ዓይነት፣ በጣምም ያልለሰለሰ በጣምም ያልጠነከረ ሸራ እስኪያገኙ ድረስ ወደ ጎንደር በእግርም በመኪናም ተመላለሱ፤ የቀረውን በሙያ ሞሉት። ቁልቁለትን በማርሽ መውረድና ፍሬንን ለክፉ ቀን ማቆየት፣ ከርብ ውኃ ሲወጡ ፔዳሉን ለዘብ አድርጎ እየረገጡ ሸራውን ማድረቅ፣ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣልና ክረምት ሲወጣ አሮጌውን አፍስሶ በአዲስ መተካት፣ ጎሚኒ የሚባሉትን ትንንሽ ላስቲኮች ዘይት ሳያፈሱ በፊት መለወጥ፤ ይህ ሁሉ ዛሬ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ካላደረገም አያልነህ ያዩኛል ብሎ ይሳቀቅ ነበር።

የሽቅድምድሙ ሕግ፣ ለማያውቀው ለመንገር ያህል፣ ከሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ተነሥቶ ሰው ከቆመበት ገመድ ፊት ቀድሞ ደርሶ መቆም ነው፤ ገመዱን የነካ ቢቀድምም ተሸናፊ ነው። በ1951 ዓ.ም. ጥምቀት ማግስት አቶ አያልነህ፣ እማማ ታይቱ ከሕዝቡ መካከል እንዳሉ ስለ ሰሙ፣ ዛሬ ዓይናቸው ያያል፣ ነገሩ ያልቃል ብለው በደስታ ተነሡ። እማማ ታይቱ ግን ነጠላቸውን ታጥቀው በገመዱ ሥር ሾልከው ወጥተው፣ በዳልቻ መስመር ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ፍሬን አለኝ ይል የለ? ይኸው እኔ ቆሜያለሁ፤ ይምጣና ይቁም!» አሉ። ሕዝቡ ገሚሱ እልል አለ፣ ገሚሱ በስመ አብ አለ፤ ጸሐይነሽም ፊታቸውን ሸፈኑ።

አቶ አያልነህ ፍሬናቸውን ያውቁታል፤ ያን ወር ሙሉ ሲያጸዱት፣ ሲያስተካክሉት፣ ሲሞክሩት ከርመዋል። እንደሚቆም ቅንጣት ጥርጥር አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ከሜዳው እኩሌታ ሲደርሱ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አነሡ፤ በማርሽ እያቀዘቀዙ ከገመዱ እጅግ ርቀው ዳልቻን አቆሙና ወርደው በእግራቸው መጡ። የሐሙሲቱ መኪና በአጠገባቸው አቧራ እያለበሰ አልፎ አሸነፈ፤ የሐሙሲት ሰው ጨፈረ፤ የወረታ ጎረምሳ አፏጨባቸው። እሳቸው እማማ ታይቱ ፊት ደርሰው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና፣ «እማማ፣ ፍሬኔን አምነዋለሁ፤ እናት ግን አይሞከርበትም» አሉ። እማማ ታይቱ የታጠቁትን ነጠላ ፈትተው ተከናንበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሐጂ ሳልህ፣ አላህ ይጠብቃቸውና ዛሬም እዚህ ቆመዋል፣ ሽንፈቱ ቆጭቷቸው ብዙ ሰነበቱ፤ «ያሸነፍነውን ጥለህ!» እያሉ። ኋላ ግን ከእማማ ታይቱ ዘንድ መልእክት መጣ። «ሽማግሌዎቹ ይመለሱ። መኪናው እንደሚቆም አላየሁም፤ ሰውዬው እንደሚቆም ግን አይቻለሁ» የሚል ነበር።

ሠርጉ ጾም ሳይገባ እንዲሆን ተቆረጠ። ሠርጉ ሲቃረብ አቶ አያልነህ ለድግሱ የሚሆነውን እህልና ጨው በዳልቻ ጭነው ወደ እማማ ታይቱ ግቢ አመጡ፤ ሙሽራይቱንም በዳልቻ ወስጄ አገር አሳያለሁ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ከወንዙ ጭቃ ስለ ገባ ጎማዎቹን ፈትተው፣ ሸራዎቹን ጠርገው ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስጥተው፣ ከወንዶቹ ጋራ ዳስ ሊጥሉ ሄዱ። እማማ ታይቱ ወጣ ቢሉ፣ ያ መኪና ያቆማል የተባለው ነገር እንደ ተጣለ ምራን ደርቆ፣ አቧራ መስሎ ተቀምጧል። ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ የቀንበር ምራን፣ ያ የቆዳ ጠፍር፣ ሲደርቅ ቅቤ ካልጠጣ ተሰነጣጥቆ ይበጠሳል። የዓለም በሯም መኪና ባሌን የበላችው ይኼን የሚያደርግላት እናት አጥታ ነው ብለው፣ ከሠርጉ ቅቤ ለጋ ለጋውን በእፍኛቸው ዘግነው እያንዳንዱን ሸራ እስኪያብረቀርቅ ድረስ አሹት።

አቶ አያልነህ ሲመለሱ ሸራዎቻቸው ወዝ በወዝ ሆነው ጠበቋቸው። ቅቤ የጠጣ ሸራ ቢያጥቡትም ቢጠብሱትም ዳግመኛ አይነክስም፤ በወረታ ደግሞ ሌላ አልነበራቸውም። እማማ ታይቱ እጃቸውን እየጠረጉ፣ «አለስልሼልሃለሁ ልጄ፤ እንግዲህ አይበጠስም» ሲሏቸው፣ አንድ ጊዜ ሸራውን አንድ ጊዜ እሳቸውን አይተው፣ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ። በሠርጉ ዕለት ሹፌሩ ሙሽራ በበቅሎ ሲመጣ አገሩ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ግን «ሙሽራ በበቅሎ ነው ወጉ፤ እኔ ወግ አላፈርስም» ብለው ድርቅ አሉ። ዳልቻ ድግሱ እስኪያልፍና ከጎንደር ሌላ ሸራ እስኪመጣ በእማማ ታይቱ ግቢ ቆማ ሰነበተች፤ እማማም ሠርጋቸውን ልታደምቅ የቀረች መስሏቸው በአበባ አስጌጧት።

ይህን ምሥጢር ከሐጂ ሳልህና ከወይዘሮ ዘሊካ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በትዳራቸው ጽጌሬዳንና አገኘሁሽን ወልደው፣ ደግ ቤት አቁመው ሲኖሩ፣ በ1955 ዓ.ም. በአገኘሁሽ ክርስትና ላይ ወይዘሮ ዘሊካ ሳቅ አምልጧቸው ነገሩን አወጡት። እማማ ታይቱ ግን አልሳቁም። «ለካ እኔ ነኝ ልጄን ልጨርስ የነበርሁ!» ብለው ደረታቸውን መቱ፤ ያን ጊዜ ከመኪና ፍርሃት በላይ የገዛ እጃቸውን ፈሩ፤ ወደ ዳልቻ አጠገብ እንኳ መቅረብ ተዉ። አቶ አያልነህ ያን ቀን እንዳዘኑት፣ አባታቸው ሲሞቱም አላዘኑም። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ስንዝር አንድ ስንዝር ያቀረቡት ልብ በአንድ ሳቅ ተመልሶ ራቀ።

ታዲያ ምን አደረጉ? ርብ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ እንደ ልማዳቸው ሸራዎቹን ፈትተው ሰሌን ላይ አሰጡና፣ ሰው ልከው እማማ ታይቱን አስጠሩ። «እማማ፣ ቅቤ እንዳለው እንደሌለው ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይዳስሱልኝ» አሏቸው። በመጀመሪያው ዓመት ቀልድ መስሏቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ አቶ አያልነህ ግን እስኪዳስሱ ድረስ አልገጥምም ብለው ዳልቻን አቁመው ዋሉ። ተሳፋሪ ጮኸ፣ ሐጂ ሳልህም ጮኹ፤ በመጨረሻ እማማ ታይቱ መጥተው በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። በማግሥቱ ዓመት ሳይጠሩ መጡ፤ በኋላማ የባሱ ሆኑ። እያሸተቱ፣ ወደ ፀሐይ እያዞሩ፣ አንድ ጊዜ «ይኼ ያላበው ምንድን ነው?» ብለው ከአንዱ ጎማ ዘይት የሚያፈስ ጎሚኒ ስላገኙ፣ አቶ አያልነህ ለወረታ ሹፌር ሁሉ በኩራት ሲያወሩት ከረሙ።

ዳስሱ ሲባል እሺ፣ ተቀመጡ ሲባል ግን እምቢ ነበር። ከመንደራቸው ወደ ወረታ በእግራቸው ሲመጡ አቶ አያልነህ መንገድ ላይ ያገኟቸው እንደሆነ፣ ዳልቻን በእሳቸው እርምጃ ልክ እያዘገሙ፣ በመስኮቱ እየተጫወቱ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። «እማማ፣ ይውጡ እንጂ» ይላሉ፤ «እግዜር እግር ሰጥቶኛል፤ አንተ ሂድ፣ ሰው ይጠብቅሃል» ይላሉ እሳቸው። አቶ አያልነህ ግን አይሄዱም። ከኋላ አህያ ተደርድሮ፣ ነጋዴ እየተሳደበ፣ አማትና አማች እንዲህ ሲያወጉ ወረታ ይገባሉ። ኧረ ስንቱ ያየው ነው!

በ1961 ዓ.ም. መግቢያ አቶ አያልነህን የጉበት ሕመም ጣላቸው። ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ሆዳቸው አበጠ፣ ሥጋቸው አለቀ፤ ጎንደር ሐኪም ቤት ተኝተው ሐኪሞቹ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉላቸው። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ሽማግሌዎች የዋንዛዬን ፍል ውኃ ይሞክሩት አሉ። ዳልቻን የሚነዳው እሳቸው ያሠለጠኑት የሐጂ ሳልህ ልጅ አቶ ኡመር ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይነሽ ግን ወንድ ልጃቸውን አበረን ወልደው አራስ ቤት ነበሩና፣ ማን ይዟቸው ይሂድ ተብሎ ሲመከር፣ እማማ ታይቱ ከወገባቸው ታጥቀው ተነሡ። ሰው ሁሉ በእግር የሚከተሉ መስሎት ነበር። እሳቸው ግን የዳልቻን ጎማ በመዳፋቸው ነካ አድርገው፣ በስመ አብ ብለው አማትበው፣ ወጥተው ከታማሚው ጎን ተቀመጡ። ወይዘሮ ዘሊካ ከሱቃቸው ደጅ ሆነው እልል አሉ፤ አቶ አያልነህ ግን ሕመምተኛ ለማስታመም የወጡ እናት አምነው የወጡ አይባሉም ብለው ለአቶ ኡመር በጆሮው ነገሩት፤ እውነታቸውን ነበር፤ እማማ በሄዱበት መንገድ ሁሉ ባንድ እጃቸው በሩን፣ ባንድ እጃቸው የአቶ አያልነህን ክንድ ጨምድደው፣ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የደረሱት።

ፍል ውኃው ሕመሙን አስታገሠ እንጂ አላዳነም። ሲመለሱ፣ ሐሙሲትን አልፈው የጉማራን ድልድይ እንደ ተሻገሩ፣ እማማ ታይቱ ክንዳቸውን ለቀቁ። አቶ አያልነህ ዞር ብለው ቢያዩ፣ እማማ ራሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ባሏን መኪና የገደለባት ሴት፣ ስትፈራ የኖረች ሴት፣ በሚሄድ መኪና ውስጥ ተኝታለች። አቶ አያልነህ ለአቶ ኡመር በሹክሹክታ፣ «እንዳትቀሰቅሳቸው፤ ቀድመህ በማርሽ አብርደው፣ ፍሬኑን ለመጨረሻው ብቻ ነካ አድርገው» አሉት። አቶ ኡመር ዛሬ እያለቀሰ እንደሚናገረው፣ ያን ቀን እንደ ነዳው በዕድሜው ነድቶ አያውቅም።

ዳልቻ ከደጃቸው ስትቆም የግቢው ውሻ እንኳ አልጮኸም። ሰው ሊያወርዳቸው ሲመጣ አቶ አያልነህ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ የእማማ ራስ ትከሻቸው ላይ እንዳለ ሳይነቃነቁ ተቀመጡ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሕፃኑን ታቅፈው ከደጃፉ ቆመው አዩና ነገሩ ገባቸው፤ ጎረቤቱን ሁሉ በእጃቸው ዝም አሰኙ። ሐጂ ሳልህ ከሱቃቸው መጥተው፣ ይህን አይተው፣ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ተመለሱ። ፀሐይዋ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ እማማ ታይቱ ነቁ፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አያልነህ ልጄ፣ ገና ነው? መቼ ነው የምንደርሰው?» አሉ። «ደርሰናል እማማ፤ ከደረስን ቆየን» አሏቸው። እማማ ዓይናቸውን ገልጠው ቤቱን፣ ልጃቸውን፣ የቆመውን ጎረቤት አዩ። «እንዴ! ሲቆም አልተሰማኝም እኮ!» አሉ። አቶ አያልነህ በዚያ በደከመ አቅማቸው ሳቁ፤ ሳቁና አለቀሱ።

ያን ቀን ማታ ለባለቤታቸው፣ እንግዲህ ጌታ በፈለገኝ ሰዓት ይጥራኝ፣ የምለምነው የለኝም ብለዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ቆርበው፣ ከሰው ሁሉ ይቅር ተባብለው፣ በዚህ በየካቲት ወር በተወለዱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

አቶ አያልነህ የትዳር ጓደኛቸውን ወይዘሮ ጸሐይነሽ አበረን፣ ልጆቻቸውን ጽጌሬዳንና አገኘሁሽን፣ አባቱን በወሬ የሚያውቀውን ሕፃኑን አበረን፣ የሙያ ልጃቸውን አቶ ኡመርን፣ ከወንድም የሚቀርቧቸውን ሐጂ ሳልህንና ወይዘሮ ዘሊካን፣ ቅስናውን ይቅር ያሏቸውን አጎታቸውን ደሞዝን፣ ደግሞም ዛሬ ጠዋት ሬሳው ዳልቻ ላይ ሲጫን ማንም ውጡ ሳይላቸው ቀድመው ወጥተው፣ የልጃቸውን ባል ራስ በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከቤት እስከዚህ ቅጥር ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ የመጡትን እናታቸውን እማማ ታይቱን ትተው ሄደዋል።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ፣ ሰው እንዳይወድቅ የደከሙትን፣ ለአንዲት እናት እንቅልፍ ሕመማቸውን ችለው የተቀመጡትን አገልጋዩን አያልነህን፣ እሳቸው ለሰው እንደ ተጠነቀቁት ያህል ተጠንቅቆ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋራ ያሳርፍልን፤ ለእማማ ታይቱም፣ ለሁላችንም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።